ውሻሽን ትተሽ ነይ ያልኳት ቀን

ታናሽ እህቴ ሰናይት ዛሬ በልጄ የክርስትና ግብዣ ላይ ከምሳ እስከ ምሽት አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣችም።

የሞላውን ብርጭቆ አይቼ «ምነው?» አልኳት።

«ሽንት ቤት ማን ይወስደኛል ብዬ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። ደንግጬ ወዲያው እጇን ይዤ ወሰድኳት።

ሰናይት ዓይነ ስውር ናት። ከምትኖርበት ከሌክ ሜሪት እኔ ቤት ዩኒየን ሲቲ ድረስ በባቡር የምትመጣው መሪ ውሻዋን ሚሎን ይዛ ነው። ቤቴ ውስጥም የሽንት ቤቱን በር የሚያገኝላት እሱ ነው።

ትናንት ግን ደውዬ «ነገ ትልልቅ ሰዎች ስለሚመጡ ውሻውን ትተሽው ነይ፤ ራሴ መጥቼ ፒክ አደርግሻለሁ፣ እኔ አለሁልሽ» አልኳት። እሷም እሺ አለች።

ከዚያ እንግዳ ስቀበል፣ ፎቶ ስነሳ ጭራሽ ረሳኋት።

(ይቀየማሉ ብዬ የፈራኋቸው እትዬ አልማዝ ደግሞ ገና ከበር «ያ ጨዋ ውሻ የታል?» ብለው ጠየቁኝ!)

ማታ ወደ ቤቷ ስወስዳት መኪና ውስጥ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«በውሻው አይደለም የከፋኝ» አለች። «እኔ አለሁልሽ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

 እንዴት እንደምክሳት እያሰብኩ ነው።

እናንተስ፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ የራሳችሁን ሰው አስከፍታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴትስ ካሳችሁት?