ድሬሰሩ አባቴና የቀኝ እግር ጫማዬ

«ቀኝ እግርሽን መጎተት የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ አባቴ ዛሬ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ።

ደብረ ብርሃን ቤቱ ቁጭ ብለን የሐኪሞች ድራማ እያየን ነበር። ሐኪሞቹ ሰሌዳ ላይ የበሽታ ስም እየጻፉ ይጨቃጨቃሉ፤ በሽተኛውን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ልክ እንደ መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ።

አባቴ በ1950ዎቹ አንኮበር ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት ነበር። ራጅ በሌለበት፣ በሽተኛው ዳገቱን ሲወጣ በመስኮት አረማመዱን እያየ ነበር በሽታውን የሚገምተው።

«አባዬ ደግሞ! ደህና ነኝ» ብዬ ሳቅኩ።

«በሽተኞቼም እንዲሁ ነበር የሚሉኝ።»

በር ላይ ያወለቅኩትን ጫማ አየሁት። የቀኙ ጫፍ ተፈግፍጎ አልቋል።

«በሽታው ምንድን ነው?» ስለው፣ የድራማውን ድምፅ መልሶ ከፈተ።

ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። እናንተስ ቤት እንዲህ በዓይኑ የሚመረምር ሰው አለ? ለመሆኑ፣ ተሳስቶ ያውቃል?