ከጥርስ ትምህርቱ በኋላ የመጣው ሙዚቃ

የታናሽ እህቴ ባል ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። የሰው ፍሪጅ ሲያነሳና ሲያጋድም ኖሮ ወገቡ አልቋል። አሁን ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ ራሱን እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ሰፈሩ የሚያውቀው በዚሁ ነው። እኔ ግን ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ሱሪው ከታች እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ድራም ሲመታ አውቀዋለሁ። ያኔ "ዱላው" ነበር የሚሉት። እናታችን መጀመሪያ ያየችው ዕለት፣ ይሄ ልጅ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው ብላ ጠይቃኛለች።

ከጓደኞቹ ጋር የሮክ ባንድ ነበራቸው። ቴሌቪዥን ጣቢያው በየጊዜው እየጠራ ይቀርጻቸው ነበር፤ እኛም ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተጠቅጥቀን እናያለን። ከዚያ ምን ይደረጋል፣ ጊዜው ሄደ። ዘፋኙ ሞተ፣ ሌሎቹም እዚህም እዚያም ተበተኑ። ዱላው ልጅ ሲመጣበት ድራሙን ሸጦ መፍቻ ያዘ። ጣቢያው ደግሞ ያኔ ቴፕ ውድ ስለነበር በአሮጌው ላይ አዲስ እየቀረጸበት፣ የእነሱ ነገር አንድም ሳይቀር ጠፋ ተባለ። ፎቶዎቹንም ቤታቸው ውሃ የገባ ጊዜ አጥተዋቸዋል።

እንግዲህ ማስረጃ የሌለው ሰው ምን ይላል? ልጁ፣ ያቺ አንዲቷ፣ ነገሩን "የአባዬ ተረት" ትለዋለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ገና "ቴሌቪዥን ላይ ሳለሁ" ብሎ ሲጀምር፣ ቴሌቪዥን የጠገንክበትን ቀን ነው አይደል ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። እሱም ሳቀ፤ ምሳውን ግን አልጨረሰውም። እኔ እውነቱን ነው ብላት፣ አንቺማ ለእሱ ታደያለሽ አለችኝ። እህቴ ደግሞ ያለፈ ነገር ይለፍ ባይ ናት፤ አትመሰክርም። ከዚያ ወዲህ አፉን ያዘ። አንድ ጊዜ ብቻ ብታየኝ ይበቃኛል እንዳለኝ ግን አልረሳም። ይህን ያለኝ የእኔን ፍሪጅ ሊጠግን መጥቶ፣ ጭንቅላቱ እውስጥ ገብቶ ሳለ ነው።

ባለፈው ዓመት ከጣቢያው ስልክ ተደወለለት። የደወለችው የቴፕ ክፍል ሠራተኛ ናት። አሮጌ ቴፖችን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጠች ኖሮ፣ ከምሳ በኋላ ስለ ጥርስ አያያዝ የሚያስተምር ፕሮግራም ከፍታ እንቅልፍ ወሰዳት። ደንቡ "ተፈጸመ" የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ ማቆምና ማጠንጠን ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያየ የለም። እሷ ተኝታ የቴፕ ማጫወቻው ዝም ብሎ ሄደ። የቀሰቀሳት ጊታር ነው። ለካስ የጥርሱ ትምህርት አጭር ኖሮ የቴፑን ግማሽ ብቻ ነው የሸፈነው። ከኋላው የነበረውን ማንም አልነካውም። ማን ማን እንደሆነ መጥተው ይንገሩኝ አለችው።

ዱላው ጢሙን ተላጨ፣ ሱፉን ለበሰ። እኔና እህቴም አብረነው ሄድን። ልጁን ለምኖ አስከተላት። እሷም ከሥራ አስፈቅዳ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች መጣች፤ መንገዱን ሁሉ ስልኳን ስትነካካ ነበር።

ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ይበርዳል፣ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። ሴትዮዋ ወንበር ሰጠችንና ከፈተችው። መጀመሪያ አንድ ሐኪም የድስት ክዳን የሚያህል ጥርስ ይዞ አስተማረ። ጨረሰ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ዘፋኙ ብቅ አለ። የሞተው ልጅ! ላቡ ሳይቀር ይታያል። እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከእሱ ኋላ ድራሞቹ አሉ፤ የመቺው ፊት ግን በዘፋኙ ትከሻ ተከልሏል፣ የሚታየው ፀጉርና ክንድ ብቻ ነው።

ልጅቱ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"አባዬ፣ ያ ከኋላ ያለው አንተ ነህ?"

ሴትዮዋም ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች። "ድራም ላይ እርስዎ ነዎት ብዬ ልጻፍ?"

እሱ ወደ ምስሉ ጎንበስ ብሎ ቆየ። እኔ በሙሉ ልቤ እሱ ነው ብያለሁ። አዎ ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

"አይ፣" አለ። "ያ ግራኙ ጓደኛችን ነው። ድራሞቹ እንዴት እንደተደረደሩ አታዩም? ሁሉም ለግራ እጅ ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው በእኔ ቦታ የገባው።"

"አንተ የት ሄደህ?" አለችው ልጁ።

"አንቺ የተወለድሽ ቀን ነዋ።"

ያኔ ትዝ አለኝ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ አብሬው ነበርኩ። አግዳሚ ወንበሩን በጣቶቹ ሲደበድብ ነርሷ መጥታ፣ እዚህ የታመመ ሰው አለ ብላ ተቆጥታዋለች።

ሌላ ቴፕ ይኖር እንደሆነ ሴትዮዋን ጠየቅናት። ይህን ካገኘች በኋላ የሁሉንም መጨረሻ አይታለች፤ የተረፈው ይሄው ነው። ዱላው ራሱን ነቀነቀና አመሰገናት። ከወንበሩ ለመነሳት የእኔንም የእህቴንም እጅ ፈለገ።

ታክሲ ውስጥ ልጅቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ወደ እሱ ዞራ፣ "እሺ በሌሎቹ ቀናትስ?" አለችው። "አንተ ስትመታ ምን ምን ነበር የምትጫወቱት?"

ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን እንደጠበቀው እኔ አውቃለሁ።

"ደክሞኛል ልጄ፣" አለና ራሱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ወደ እኔ ዞረች። ደህና ነገር ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ስለ ሙዚቃ እኔ ምን አውቃለሁ?

"ጩኸት ነበር፣" አልኳት። "በጣም ብዙ ጩኸት።"

"ጩኸትስ አልነበረም፣ እትዬ፣" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።