ዞሮ የመጣ ወሬ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ምስር መልቀም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ እሱ ጠጠሩን ትቶ ፍሬዎቹን ይደረድራል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረውን የስሌት ትምህርት በአማርኛ እየጻፈ ስለነበር፣ ለእኔ ለአማርኛ መምህርቷ ከገባኝ ለተማሪዎቹም እንደሚገባቸው ያምናል።

ፍሬዎቹ ጎረቤታሞች ናቸው አለኝ። እያንዳንዱ እርግጠኛ ስላልሆነበት አንድ ነገር የራሱ ግምት አለው። ከሌሎቹ የሰማውን በግምቱ ላይ አክሎ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። መልእክቱ ከጫፍ ጫፍ ሄዶ ሲመለስ፣ ማንም መንደሩን በሙሉ ሳያይ ሁሉም ሊታወቅ የሚችለውን ያውቃል። ደንቡ አንድ ነው።

«ለነገረሽ ሰው ያንኑ መልሰሽ አትንገሪው» አለ። «ሁለተኛ ምስክር ያገኘ ይመስለዋል።»

ቀጥሎ ፍሬዎቹን በክብ ደረደራቸው። መንገዱ ዞሮ ከገጠመ ደንቡም አይበቃም፤ ወሬው በሌላ በኩል ይመለሳል አለ። ይህን ምዕራፍ ገና አልጻፈውም ነበር። እኔም ምስሩ ሳይለቀም ሊመሽ ነው ብዬ ሳቅሁበት።

ያን ሰሞን ደረቱን ያቃጥለው ነበር። ጨጓራ ነው ቢለኝም አላመንኩትም፤ ሰኞ ሐኪም ቤት ልወስደው ቆርጬ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጥር የምንጋራቸው አክስቱ፣ ጨጓራ ነው፣ ተልባ ይጠጣ አሉኝ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ገሳይ ከተማ የሚኖረው ወንድሙ ደውሎ ያንኑ አለኝ። ሦስት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ልቤ አረፈ። ሐኪም ቤቱን ወደ ሐሙስ አሳለፍኩት።

ረቡዕ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ልቡ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ አክስቱን «ጨጓራ መሆኑን አንቱ ከማን ሰሙ?» አልኳቸው።

«ከወንድሙ ነዋ፣ ልጄ።»

ወንድሙን ጠየቅሁት።

«ከራሱ ነው እንጂ ከማን ልስማ?» አለኝ።

ሦስቱ ሰው አንድ ሰው ነበር። እሱም የራሱን በሽታ የማያውቀው ባሌ።

በቅርቡ የሥራ ባልደረባው ጽሑፉን ለማሳተም መጣ። ያልተጻፈው ምዕራፍ ቢቀር ምንም አይደለም አለኝ። እንዲቀር አልፈቅድም አልኩት። መንገዱ ዞሮ ሲገጥም ስሌቱ ምን እንደሚሆን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። ብዙ ጊዜ ደህና ግምት ይሰጣል፣ ግን ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ያደርጋል አለኝ። ከዚያ ሒሳቡን እሱ እንዲሞላ፣ ቃሉን እኔ እንድጽፍ ተስማማን።

ምሳሌዬ የአንድ ቤት ሰዎችና አንድ የደረት ቃጠሎ ነው። ስም አልጻፍኩበትም። በየቀኑ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ።