ቴክሳስ ወራጅ አለ?

ባለፈው ቅዳሜ፣ አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ለመንገድ ማስፋፊያ የሚፈርሰውን የሰበታውን ቤታችንን ባዶ ለማድረግ ከቡራዩ ሄጄ፣ ከአልጋ ሥር አንድ ሻንጣ ስስብ የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ናፍታሊኑ ልብስ ብል እንዳይበላው ነው፤ እዚህ ሻንጣ ውስጥ ግን ልብስ ገብቶ አያውቅም። ያለው አንድ የእንግሊዝኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሽታው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አድርጎ እኔና አባቴ ቴክሳስ ውስጥ ወደታሰርንበት ክረምት መለሰኝ።

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በዚያ ዓመት ዲቪ ደረሰው፤ ተያዥ የሚሆነው የአክስቱ ልጅ ደግሞ ቴክሳስ ነበር የሚኖረው። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጎረቤታችን ኦቦ ደሬሳ ይህን ሲሰሙ፣ «የምትሄድበትን አገር ታሪክ ሳይጠይቁህ ቪዛ የሚሰጡህ መሰለህ?» አሉና ያንን መጽሐፍ አመጡለት። ከእሳቸው ቀጥሎ በሰፈሩ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው አባቴ የሚያውቀው እኔን ነበር። ወዲያው አስተማሪው አድርጎ ሾመኝ፤ ሹመቱም እስር ሆነ።

ከፋብሪካ እንደተመለሰ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱም ይዘጋል፤ ምቀኛ እንዳይሰማ። ዝናቡ ሲያባራ ጓደኞቼ ደጅ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ ይሰማኛል፤ እኔ መዝገበ ቃላት ታቅፌ ቴክሳስ መጀመሪያ በስፔን ከዚያም በሜክሲኮ ሥር እንደነበረች፣ አምፃ ለጥቂት ዓመታት ራሷን የቻለች አገር ሆና እንደቆየች፣ በኋላ አሜሪካን እንደተቀላቀለች አስረዳለሁ። አባቴ ጥጥ ሲነሳ ፊቱ ይበራል፤ «ጥጥ ካለ ፈትል አለ፣ ፈትል ካለ እኔ አለሁ» ይላል። ከብቱን ወደደው፣ ነዳጁን አደነቀው። ሕዝቧ ስፓኒሽ ተናጋሪው፣ ጥቁሩ፣ ከጀርመን የመጣው ሁሉ ተደባልቆ የሚኖርባት ናት ስለው ትንሽ አሰበና፣ «እንደኛ ሰፈር ናታ» አለ። ዋና ከተማዋን ግን ከሂውስተን ጋር እያምታታ አናደደኝ። እጮህበት ነበር። ግድግዳችን ጭቃ ስለሆነ ጩኸቴን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ጠዋት ጠዋት ኦቦ ደሬሳ ሳይቀሩ «አካም ቡልቴ፣ ቴክሳስ!» እያሉ ሰላም ይሉት ጀመር። ከዚያ ወዲህ እሳቸውና አባቴ ቁም ነገር ሲኖራቸው እንደ ዲዳ ወረቀት ላይ ይጻጻፉ ነበር። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ በሁለት ትልልቅ ሰዎች እስቅ ነበር።

ሳቄ ግን ከልቤ አልነበረም። ከኤምባሲ የመጣውን የመመሪያ ወረቀት እንድተረጉም የተሰጠው ለእኔ ነው። መሃሉ ላይ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የሚል መስመር አለ። አባቴ ከስምንተኛ ነው ያቋረጠው፤ ፎርሙን የሞላለት የኢንተርኔት ቤት ልጅ የፈለገውን ሞልቶ ልኮታል። ያን ቀን አባቴ ሻንጣውን ገዝቶ ገብቶ ነበር። ከፍቶ እየዘጋ፣ ዚፑን እያደነቀ፣ «ቀጥሎስ ምን ይላል?» አለኝ። መስመሩን ዘለልኩት። ቴክሳስን ልቅም አድርጎ ካወቀ ክፍሉን ይተዉለታል ብዬ በልጅ ልቤ ተማመንኩ። ከዚያ በኋላ ደጅ ውጪ ቢሉኝም አልወጣም ነበር፤ በሩን ከውስጥ የምዘጋው እኔ ሆንኩ።

ለቃለ መጠይቁ በተዋሰው ኮት ሄደ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ። እሱ ስለ ጥጡ ሲጀምርላቸው በትህትና አስቆሙት። ማታ ኮቱን ሳያወልቅ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አንቺ በደንብ አስተምረሽኝ ነበር፣ እነሱ ናቸው ያልጠየቁኝ» አለኝ። አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ ግን ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ አልነገርኩትም።

ስሙ አልለቀቀውም። ከሰውየው ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ መታጠፊያው ተዛመተና የታክሲ ረዳቶች «ቴክሳስ ወራጅ አለ?» ማለት ጀመሩ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በየቀኑ «አለ!» እያለ እየሳቀ ይወርድ ነበር። እኔ ግን ያችን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር፤ ትዳር ይዤ ቡራዩ ስገባ እንኳ ከሰበታ መራቄ ሳይሆን ከዚያ ፌርማታ መራቄ ነበር ደስ ያለኝ።

ቅዳሜ ዕለት መጽሐፉን ስገልጥ ያንን የመመሪያ ወረቀት ታጥፎ አገኘሁት። የዘለልኩት መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፤ ከላዩ በኦቦ ደሬሳ የመምህር ጽሕፈት፣ «አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ይላል። አይሆንልህም፣ ተወው» ይላል። ከሥሩ አባቴ በእርሳስ፣ በዚያ በተንጋደደ እጁ መልሶላቸዋል።

«ገብቶኛል። ልጅቱ ደክማበታለችና እስከ መጨረሻው እማራለሁ። እንዳይነግሯት።»

ባዶው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ለእሱ ብዬ፣ እሱ ለእኔ ብሎ፣ ያንን ሁሉ ክረምት በር ዘግተን ተቀምጠናል። ከሁለታችን አንዳችን አፍ ብንከፍት ኖሮ ወጥተን ዝናብ ያባራበትን ደጅ አብረን እናይ ነበር። አሁን ይህን የምነግረው አባት የለኝም።

ሻንጣውን ይዤ መታጠፊያው ላይ ታክሲ ስሳፈር፣ ረዳቱ አየኝና ሳቀ። «እህቴ፣ ከቴክሳስ መምጣትሽ ነው?»

«አዎ» አልኩት፤ ሻንጣውንም አላስጭንም ብዬ ጭኔ ላይ አቀፍኩት።