ቀይ መስመሩና ጭልፋዬ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የዛፉን ሲረፕ ነገር ንገሪን፣ እኛ እንጽፈዋለን» ብለው ያዙኝ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ድስት ግን አውቃለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጄ ቤት ጓሮ አንድ ትልቅ የሜፕል ዛፍ አለ። ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ሌሊት በረዶ፣ ቀን ፀሐይ ሲሆን ግንዱን ቢበሱት ውሃ ያንጠባጥባል። ትልቋ የልጅ ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ይህን ተምራ መጥታ ባልዲ ሰቀለችበት። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ጣዕም አለው ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ስንት ባልዲ ሙሉ ፈልቶ ፈልቶ እንደ ማር የወፈረ አንዲት ብልቃጥ ሲረፕ ቢወጣው ነው።

ያቺን ብልቃጥ ደግሞ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ላሉት የአባቷ እናት ለፋሲካ አመጣለሁ ብላ ቃል ገብታለች። እሳቸው የተማሩ፣ ተረበኛ ሴት ናቸው። በስልክ «የዛፍ እንባ ቀቅለሽ ልታበይኝ ነው?» ብለው ሲስቁባት፣ «ዌይት ያድርጉ፣ ያዩታል» አለቻቸው። ስለዚህ መበላሸት አልነበረበትም። ከቀጠነ ይሻግታል፤ እሳት ከበዛበት ደግሞ ታች ስኳር ሆኖ ይደርቃል። ዛፉም መስጠቱን አቁሟል፣ ሌላ የለም።

ልኩን የምታውቀው በመስታወት ዘንግ ነበር። ሲረፑ ውስጥ ሲጥሉት ይንሳፈፋል፤ ሲረፑ በወፈረ ቁጥር ዘንጉ ወደ ላይ ብቅ ይላል። «ይቺ ቀይ መስመር ከሲረፑ በላይ ስትታይሽ ኦፍ አድርጊው» ብላኝ ሻወር ልትወስድ ሄደች።

እኔ ጭልፋዬን ነክሬ አነሳሁ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ። ቆየት ብሎ ጠብታዎቹ ጭልፋው ጫፍ ላይ ተያይዘው እንደ መጋረጃ ተንጠለጠሉና አብረው ወረዱ። ያቺ መስመር ግን ገና ሰጥማ ነው ያለችው። ይቺው ልጅ ስትወለድ ለእናቷ አጥሚት ሳፈላ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ እሳት ላይ ልክ የመሰለ አጥሚት ሲበርድ ማንኪያ ያቆማል። ቀጠን እንዳለ ነው የሚወጣው። አጠፋሁት። በትኩሱ ብልቃጧ ውስጥ ገልብጬ ከደንኩት።

ፀጉሯን ሳታደርቅ መጣች። «እማማ፣ ኖት ሬዲ። መስመሩ አልወጣም እኮ።»

«ይብረድና እዪው።»

«ይሻግታል። ምን እላቸዋለሁ?»

«እማማ ናት ያወጣችው በያቸው።»

እንባዋ መጣ። እኔ ግን መልሼ አልጣድኩትም።

ፋሲካ ደርሶ አሌክሳንድሪያ ስንከፍተው ሻጋታም የለ፣ ስኳርም የለ። የአባቷ እናት ቀመሱና ብልቃጧን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጓት። «ይቺ እኔ ጋ ትቀመጥ፤ ልጆቹ ይጨርሷታል» አሉ። ልጅቷ መኪና ውስጥ «ላኪ ነሽ፣ እማማ፤ በዕድል ነው የወጣልሽ» አለችኝ።

አምና ከኮሌጅ ለእረፍት ስትመጣ ያንን ዘንግ መሳቢያ ውስጥ አግኝታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ለካ መስመሮቹ ሁለት ናቸው፤ የላይኛው ለትኩስ፣ የታችኛው ለበረደ። እሷ ያን ቀን ያሳየችኝ የታችኛውን ነበር፤ እሱ እስኪወጣ ብጠብቅ ኖሮ ስኳር ሆኖ ይደርቅ ነበር።