ሰፊው ሌንስ

መናኸሪያ አጠገብ ያለው የፍቅሬ ፎቶ ቤት ከእኔ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለ እሱ ጽፌ ሚስቱን ብርቅዬን ካላነሳሁ ግማሹን መተው ነው። ሠርግ ላይ እሱ ካሜራ ይይዛል፣ እሷ ሰው ትደረድራለች። «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ» እያለች አክስቱንም አጎቱንም አንድ ፎቶ ውስጥ ታስገባለች። የተረሳ ዘመድ እንዴት እንደሚያኮርፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ራሷ ግን ፎቶ መነሳት አትወድም፤ ስልክ እንኳ ሲደገንባት ፊቷን በእጇ ትሸፍናለች።

ባለፈው ክረምት ታመመች። ሐኪሙ እንደ አገራችን ወግ እሷን ውጪ አስጠብቆ ለፍቅሬ ብቻ ነገረው፤ ጉበቷ አብቅቶለታል፣ ቢቀሯት ጥቂት ወራት ናቸው። ፍቅሬም እንደ ወጉ ደበቃት። እኔን ይህ ወግ ያናድደኛል። ሰው የራሱን ሞት ከሁሉም በኋላ እንዲሰማ ማድረግ ምን ዓይነት ደግነት እንደሆነ አይገባኝም። ፍቅሬ ግን አደራ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የካሜራው ሌንስ ተበላሸ። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣለት ተፈራ ሁለት ሌንሶች ይዞ መጣ፤ የፍቅሬ አቅም ለአንዱ ብቻ ነው። አንደኛው ሰፊ ነው፣ ለሠርግ የሚሆን፣ ቤተ ዘመዱን ሁሉ የሚይዝ። ሌላው ረጅም ነው፣ ሩቅ ያለን ፊት አቅርቦ የሚያነሳ። ፍቅሬ የፈለገው ረጅሙን ነበር። ብርቅዬ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ ሳታየው ፊቷን ሊያስቀር። ይህን ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር።

ችግሩ፣ ዕቃ የሚመርጡት ሁልጊዜ አብረው ነው። ብርቅዬ ሁለቱንም አገላብጣ አየች። ረጅሙን ልወስድ ነው ሲላት ለምን ብላ ጠየቀችው። የከተማችንን ሐይቅ ወፎች ላነሳ ብሎ ቀባጠረ። ፍቅሬ በዕድሜው ወፍ አንስቶ አያውቅም። ብርቅዬ ሌንሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ደህና ናት አለ። መድኃኒቷን በደንብ ትውሰድ አለ።»

«ደህና ከሆንኩ ሰፊውን ውሰድ። ጥር እየመጣ ነው፣ በምን ልታነሳ ነው?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ረጅሙን ካነሳ እውነቱን ነገራት ማለት ነው። ፍቅሬ ሰፊውን አነሳ። ተፈራም ረጅሙን ጠቅልሎ በማግሥቱ ይዞት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ማወቋን አልጠራጠርም። እንዲነግራት በሩን ከፈተችለት፣ እሱ አልገባም።

ጥር ሳይገባ ብርቅዬ አረፈች። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ ሲፈለግ ፍቅሬ የድሮ ሠርጎችን ሲያገላብጥ ዋለ። ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ ከሙሽሮቹ ርቃ፣ ጠርዝ ላይ፣ ሳታስበው የገባችበት። ቆርጦ አሳደገው። ባሳደገው ቁጥር ፊቷ እየፈዘዘ ሄደ፣ ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ሆነው ቀሩ። ለቀስተኛው ብርቅዬ መሆኗን የለየው በፊቷ አይደለም። እጇን ወደ ሰዎቹ ዘርግታ፣ አፏን ገለጥ አድርጋ፣ ጠጋ በሉ እያለች ነው።