በበርበሬ ወረቀት የመጣችው ብርነሽ

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና ገበያ እርድ ስገዛ ባለሱቋ ፌስታል አልቆባት ኖሮ፣ ከልጇ የአምና ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥላ፣ እንደ ቀንድ ጠቅልላ፣ አፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው የእርዱና የወረቀቱ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝና እጄ እርዱን ትቶ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ መዳመጥ ጀመረ። የሒሳብ ደብተር ነው። እኔ ግን በማካፈሉና በማባዛቱ መሃል ብርነሽን እፈልጋለሁ፤ ያውም በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽሮዬ ምድጃ ላይ እየገነፈለ።

ልጅ ሳለን ፌስታል የሚባል ነገር በሰፈራችን አይታወቅም ነበር። የጓደኛዬ የከድጃ አባት ጋሽ ይማም፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው ሱቁ ስኳሩንም ጨዉንም በርበሬውንም የሚጠቀልለው በኪሎ በሚገዛው አሮጌ ወረቀት ነው፤ እኛ እንዳንነካበትም ክምሩን ከባንኮኒው በላይ በረጅም ሚስማር ሰክቶ ይሰቅለዋል። አንድ ክረምት ከዚያ ክምር ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ልቦለድ ወጣ። ጋሽ ይማም ልቦለድ ይሁን የመሥሪያ ቤት ሰርኩላር ደንታ አልነበረውም፤ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ «ይሄስ ጠንካራ ነው፣ ስኳር አያፈስም» አለና እየገነጠለ መጠቅለሉን ቀጠለ። ታሪኩም እንዲሁ በየቤቱ ተበተነ።

ከድጃና እኔ ማን ቤት ስኳር እንደተገዛ፣ ማን ቤት በርበሬ እንዳለቀ ከቤቱ ባለቤት በፊት እናውቅ ነበር። ባዶውን ወረቀት ለምነን እንወስዳለን፣ ቅመሙን እፍ ብለን እናራግፋለን፣ ከዚያ እኛ ቤት ጓሮ ተቀምጠን አንዳችን ታነባለች ሌላችን ትፈራለች። የገጹ ተራ እንደ ገበያተኛው ፍላጎት ስለሆነ ብርነሽ በእኛ ቤት ስኳር አገባች፣ ከሳምንት በኋላ በጎረቤት ጨው ተወለደች። ይህ ለእኛ ምንም አልነበረም። ብርነሽ ርስቷን ቢቀሟት የአባቷን ጠመንጃ ይዛ በግራጫ በቅሎ የጠፋች ልጃገረድ ናት፤ ርስቱን የቀማትና አገር ላገር የሚያሳድዳት ደግሞ ቀኛዝማች ሽብሩ ነው። የሽብሩን መልክ የሚናገረው ገጽ እስከ መጨረሻው አልደረሰንም፤ የሆነ ሰው ቅርንፉድ ጠቅልሎበት ገጠር ሳይሄድ አልቀረም። የምናውቀው ጫፉ ብረት የሆነ ከዘራ እንዳለውና ሰው ሊገድል ሲል አንዴ እንደሚስል ብቻ ነው። ፊት ስላልነበረው ፊት ሁሉ የእሱ ሊሆን ይችል ነበርና የማያስፈራን ሽማግሌ አልነበረም።

ብርነሽ ወደ እኛ ሰፈር እንደምትመጣ ጥርጥር አልነበረኝም። ከጎተራው ጀርባ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፌ መኝታ አዘጋጅቼላታለሁ፤ እናቴ «ኸረ ይሄን ቆሎ ምን እየበላው ነው?» እያለች ስትገረም፣ እኔ የብርነሽን ስንቅ በጨርቅ ቋጥሬ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ እወሽቃለሁ። ከከድጃ ጋር የተጣላነው በቅሎዋን ማን ይዞ ውሃ ያጠጣል በሚለው ነበር፤ ሁለት ቀን ተኮራርፈን በስተመጨረሻ ልጓሙን በየተራ ልንይዝ ታረቅን። ለሽብሩም አልተኛሁለትም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ዐይኔን ሳልሰብር፣ «ብርነሽ ወደ የጁቤ ነው የሄደችው» እለውና ወደ ዓባይ ገደል አፋፍ እሰደዋለሁ። ይህን ንግግር ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ ተለማምጄዋለሁ፤ በተለማመድኩት ቁጥር እፈራለሁ፣ ደግሞ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን የራሳችን ቤት በርበሬ አለቀና የሚከተለውን ገጽ አገኘን። ብርነሽ የተደበቀችበትን ቤት በር ከውስጥ ቀርቅራ ቆማለች፤ የከዘራው ብረት ደረጃው ላይ ተሰማ፤ ከበሩ ውጭ አንድ ሰው አንዴ ሳለ። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ሱቅ ድረስ በሩጫ ደረስን፤ ሚስማሩ ላይ የተሰካው የጋዜጣ ወረቀት ነው። ጋሽ ይማም የቀረውን ግማሽ ሞጣ ሱቅ ላላት እህቱ ለእቴ ዘይነባ እንደሰደደላት ነገረን። እኛ በዚያ ዕድሜያችን የደረስንበት መደምደሚያ ይሄ ነበር፦ መጽሐፉ ሞጣ ከሄደ ሰዎቹም ሞጣ ናቸው።

ስለዚህ አዝመራው ገብቶ የእቴ ዘይነባ ልጅ ስትዳር እናቴን ከነከድጃ ጋር አብሬ ካልሄድኩ ብዬ አስጨነቅኋት። እሺ ያለችው ሥጋ እንዳልበላ ቃል አስገብታኝ፣ ጋሽ ይማምንም «ለሷ ሽሮ ለብቻዋ ይሠራላት» ብላ አደራ ሰጥታ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ጋሽ ይማም ከፊት ተቀምጦ፣ ከድጃና እኔ ከኋላ አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን፣ የስንቁን ቋጠሮ ታቅፈን፣ ብርነሽ ገና በሕይወት ካለች ቀድመን ደርሰን እንደምናስመልጣት እንማከራለን። ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ተሳፈረ። ከዘራ ይዟል። ከኋላችን ተቀመጠና ሳለ።

ከድጃ ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ። ሽማግሌው ሸንኮራ ቆርሶ በትከሻችን በኩል ሲያቀብለን ሁለታችንም እንደ መርዝ አየነው፤ ተቀብለን ቀስ ብለን ወንበር ሥር ጣልነው። ሞጣ ስንወርድ ጋሽ ይማም ጓዝ ሊያስወርድ ቀረና እኛ ከድጃ በምታውቀው መንገድ ቀደምን፤ ሽማግሌውም ወረደ። በፍጥነት ስንሄድ እሱም ይከተለናል፤ ወደ እቴ ዘይነባ ግቢ ስንታጠፍ እሱም ታጠፈ። እኔ በዚያች ቅጽበት የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ ስለ የጁቤ አንድ ቃል መተንፈስ አቃተኝ። ዳሱ በር ላይ እቴ ዘይነባ ብቅ አለችና እኛን አልፋ የሰውዬውን እጅ ሳመች። የባሏ አጎት ሐጂ ኑሩ ናቸው።

እቴ ዘይነባ ጎንበስ ብላ እኛን ስትስም እንባዬ መጣና ጆሮዋ ሥር «እቴ፣ ብርነሽን ገደላት?» አልኳት። መጀመሪያ ግራ ገባት። ከድጃ ስለ በሩና ስለ ከዘራው ስትተርክላት ፊቷ ተለወጠ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ለካ ሐጂ ኑሩ ለገበያ ሞጣ በመጡ ቁጥር ሱቋ ውስጥ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱን ገጽ ሳትጠቀልልበት በፊት ያነቡላት ነበር። ሠርገኛው እየተንጫጫ፣ ድስቱ እየተጣደ፣ እሷ ሐጂን አየቻቸው፤ እሳቸውም አዩዋት።

«አመለጠች» አሉ ሐጂ። «በጓሮ በኩል።»

«ታዲያ አሁን የት ናት?» አለች ከድጃ።

«ሞጣማ የለችም። ወደ ቢቸና ሄዳለች ነው መጽሐፉ የሚለው።»

«አዎ፣ ወደ ቢቸና» አለች እቴ ዘይነባ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና። «እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የሠርጉ ቀን እንደዚያ የረዘመብኝ የለም። ሽሮዬን የበላሁት ቆሜ ነው፤ ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች እንኳ አላስታውስም። ቢቸና ስንመለስ ገና ከአውቶቡሱ ሳንወርድ በመስኮቱ ግራጫ በቅሎ እንፈልግ ነበር። ያን በጋ እኔና ከድጃ ለምናየው እንግዳ ሴት ሁሉ ጎንበስ ብለን ሰላምታ እንሰጣለን፤ ለእህልና ለከብት ገበያ በበቅሎ የሚመጡት እመቤቶች «የማን ልጆች ናቸው እንዲህ ጨዋዎች?» እያሉ ይመርቁን ነበር። እያንዳንዷ እሷ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ አየሁ፣ ተማርኩ፣ ወለድኩ፤ ነገር ግን ማለዳ ተነስቼ ዛሬ በበራችን ማን ይገባ ይሆን ብዬ እንደዚያ የተቁነጠነጥኩበት ጊዜ አልተመለሰም።

የእርዱን ወረቀት ዘርግቼ ስጨርስ ስልክ አንስቼ ከድጃ ዘንድ ደወልኩ። አሁን ሞጣ የአክስቷን ሱቅ የያዘችው እሷ ናት። የእርዱን ነገር ስነግራት ከልቧ ሳቀች።

«እስካሁን አልነገርኩሽም እንዴ?» አለችኝ። «አክስቴ ስታጣጥር ነግራኛለች። ሽብሩ በሩን ሰብሮ ገብቶ ብርነሽን ገደላት እኮ። ሐጂ ሲያነቡላት ሁለቱም አልቅሰዋል። እዚያ ገጽ ላይ ዕቃ አልጠቀልልም ብላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብርነሽ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ እኔ ገና አሁን ለቅሶዋን ደረስኩ። ሐጂ ኑሩ ካረፉ ቆዩ፣ እቴ ዘይነባም አፈር ከለበሰች ሰነበተች። ዛሬ ክፉ ወሬ እንዳለ፣ እንደ ወረደ ነው የሚደርሰኝ፤ እኔን አይተው፣ እርስ በርስ ተያይተው፣ «አመለጠች» የሚሉልኝ ሰዎች አልቀዋል።